አንድ ማንኪያ ጨው

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አላወራም። ስለ ዶላር ምንዛሪም አላወራም። የማወራው ውኃ ውስጥ ስለሚኖር፣ አራት እግርና አንድ ጅራት ስላለው፣ ፊቱም ሁልጊዜ ፈገግ ያለ ስለሚመስል አንድ ፍጡር ነው። «ይቺ ልጅ ደግሞ ዛሬ ምን ነካት?» ብትሉ አልቀየማችሁም። ብቻ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ጽሑፉ ግማሹ ኑዛዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታላቅ እህቴ ልጅ ዳላስ ቴክሳስ ነው የሚኖረው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እንደ እኩዮቹ ሁሉ ማይንክራፍት የሚባለው ጌም ላይ ተጥዶ ይውላል። ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በጁን 2021 አክሶሎትል የሚባለውን እንስሳ ጨመረ። ተጫዋቹ በባልዲ ይዞት ይዞራል፣ ውኃ ውስጥ ጠላት ሲመጣ አብሮት ይዋጋል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ቤት ስንቱ ልጅ «ግዙልኝ» እያለ እንዳለቀሰ ቤቱ ይቁጠረው። የእኛም አለቀሰ። እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ «እምቢ» ስትል ቆይታ፣ በልደቱ ቀን ተሸነፈች።

ስሙን «ጨጨብሳ» አለው። ቡናማ ሆኖ ነጠብጣብ ስላለበት ነው አሉ። እናቴ በቪዲዮ ስታየው ሁለቴ አማተበችና «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጉድ ነው? እንቁራሪት ነው ወይስ ዓሣ?» አለች። ልጁም በዚያ ግማሽ አማርኛው «ሁለቱም አይደለም እማማ! ሳላማንደር ነው!» አላት። «እሱስ ምንድነው?» ብትል ግን የሚመልስላት አልተገኘም። ለነገሩ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ሳላማንደር የሚባል ዘር የለም። አማርኛችን ስም ባያወጣለት አይፈረድበትም።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። እዚያ ምሽት 3 ሰዓት ነው። እናቱ የሌሊት ሥራ ገብታለች። ታላቅ እህቱ ቤት አለች፣ ግን «እኔ እሱን ነገር አልነካም» ብላ በሯን ዘግታለች። የቤቱ ኤሲ ከተበላሸ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የዳላስን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውጪው 38 ዲግሪ ነው።

«አክስቴ፣ ጨጨብሳ አይበላም። ስንጥቡ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ ይላል። አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ አይደል? አንቺ ፈልጊልኝ።»

ጋዜጠኛ ነሽ አይደል! ይህቺ ቃል ናት ጉድ የሠራችኝ። ጋዜጠኝነት ተምሬ በዲግሪ የተመረቅሁ ሰው፣ ለአንድ የተጨነቀ ልጅ «አላውቅም» ማለት አቃተኝ። በአንድ ዓይኔ እንቅልፌን እየታገልኩ አሥር ደቂቃ ፈለግሁ። አሥር ደቂቃ! ከዚያ እንዲህ ብዬ ድምፄን ቀድቼ ላክሁለት።

«የኔ ጌታ፣ አትጨነቅ። አሁን በረዶ ጨምርለት። ለነጩ ነገር ደግሞ በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት ማንኪያ ጨው በጥብጥና አሥር ደቂቃ እዚያ ውስጥ አስቀምጠው። ሌላ ውኃ ከቧንቧ ቅዳና በባልዲ አሳድር፤ ጠዋት የድሮውን በሙሉ ደፍተህ ቀይርለት።»

ልጁ ያልኩትን አንድም ሳያስቀር አደረገ። ጨጨብሳ በሦስተኛው ቀን ሞተ። በረንዳ ላይ ባለው ትልቁ የጤና አዳም ማሰሮ ውስጥ ቀበሩት።

እህቴ ነገሩ ከንክኗት፣ እንዲህ ያሉ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ፈልጋ ደወለች። ሐኪሙ መልስ ከመስጠቱ በፊት መጠየቅ ጀመረ። የውኃው ሙቀት ስንት ነበር? አሞኒያው ተለክቷል? የቧንቧው ውኃ ላይ መድኃኒት ተጨምሯል ወይስ እንዲሁ ነው? ጨው የተደረገው በየትኛው ማንኪያ ነው? በመጨረሻም «በድኑን ሳላይ የገደለው ይሄ ነው ልል አልችልም፤ ግን ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ይበቃ ነበር» አላት።

እህቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «የት ነው ያነበብሽው?»

ወዳጆቼ፣ መልስ አልነበረኝም። የስልኬን ማኅደር ከፍቼ ብፈልግ ከስድስት ቦታ ለቃቅሜ አንድ ያደረግሁት ነገር ሆኖ አገኘሁት። ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ የትኛው ከተማ ሆኖ እንደጻፈው አላየሁም። ምንጭህ ማነው? ይሄ እኮ ገና አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው ነው።

ከዚያ ወዲህ ቁጭት ይዞኝ አነበብኩ። በዚያች አሥር ደቂቃ ማንበብ የነበረብኝን በሦስት ሳምንት አነበብኩት። ያገኘሁትንም ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም መጥፎ ምክር እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ፍጡር የበለጠ ያስተማረኝ የለም።

በማንኪያው ልጀምር። አንዱ ጸሐፊ መጠኑን በሊትር ይሰጣል፣ ሌላው በጋሎን። የአሜሪካ ጋሎን ወደ አራት ሊትር ይጠጋል። አንዱ የሻይ ማንኪያ ይላል፣ ሌላው የሾርባ ማንኪያ። የሾርባው የሻዩን ሦስት እጥፍ ይይዛል። እንግዲህ ሂሳቡን ሥሩት፤ ሁለቱንም ያምታታ ሰው መጠኑን አሥራ ሁለት እጥፍ ሊስት ይችላል። እኔ ያነበብኩት ላይ «የሻይ» የሚል ነበረበት። ወደ አማርኛ ስመልሰው «ማንኪያ» ብቻ አልኩ። ልጁም ከመሳቢያው ትልቁን አወጣ። ኢንተርኔቱን ብቻ እንዳልከስ የሚያደርገኝ ይሄ ነው። አንዷን ቃል የጣልኳት እኔ ነኝ።

ደግሞስ ጨዉ ራሱ ለማን የተባለ ነው? ብዙው የጨው ምክር የመጣው ከዓሣ አርቢዎች ነው። አክሶሎትል ግን ዓሣ አይደለም። ከእንቁራሪት ወገን ነው። ቆዳው ቅርፊት የለውም፤ ስስ ነው፣ ውኃ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ያስገባል። ጨው በልኩና በሐኪም እጅ ፈንገስ ላይ ሊሠራ ይችላል። ከልኩ ሲያልፍ ግን ቆዳውንና ስንጥቡን ነው የሚያቃጥለው። መዳብ ያለባቸው የዓሣ መድኃኒቶችማ ለእሱ መርዝ ናቸው። «ለዓሣዬ ሠርቶልኛል» የሚለው ሰው ውሸታም አይደለም፤ ሠርቶለታል። የሠራለት ግን ለዓሣው ነው።

ወደ ውኃው ልምጣ። «ውኃ ካደረ ክሎሪኑ ይወጣል» የሚለው ምክር እውነት ነው፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ክሎሪን ብቻ ከሆነ። ዳላስን ጨምሮ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግን ዛሬ የሚጠቀሙት ክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው የሚሠሩት። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን እንኳ ወደ ክሎራሚን የዞረችው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 ነው። ከተሞቹ የመረጡትም ቶሎ ስለማይተንና ረጅም ቧንቧ ውስጥ ስለሚቆይ ነው። በባልዲ ቢያድር አይወጣም። ከቤት እንስሳት መሸጫ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ማርከሻ ያስፈልገዋል። እንግዲህ እኔ ልጁን ያዘዝኩት ምንድነው? ለታመመ እንስሳ ክሎሪንና አሞኒያ ያለበትን ውኃ ሞልተህ ቀይርለት ማለቴ ነበር። ምክሩ አንድ ቦታ፣ አንድ ዘመን ትክክል ነበረ። ከተማው ሲለወጥ ምክሩ አልተለወጠም።

ከዚህ የሚብስም አለ። የታመመው ለምን ነበር? እንስሳው ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ያወጣል። በመስታወቱ ገንዳ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ መሆን አለባቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን በአንድ ቀን አይመጡም። አዲስ ገንዳ እስኪደራጅ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ለእህቴ ግን ገንዳውንም፣ ፊልተሩንም፣ ጠጠሩንም፣ ጨጨብሳንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ደረሰኝ ነው የሸጡላት። «ሞልታችሁ ወዲያው አስገቡት» ነበር ምክሩ።

ሙቀቱስ? የጨጨብሳ ዘሮች አገራቸው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባችን ብዙም አትርቅም። እንስሳው ደገኛ ነው ማለት ነው! የሚስማማው 16 እና 18 ዲግሪ ነው፤ ከ24 ሲያልፍ ሰውነቱ ይጨነቃል። (ዳላስ ከሚኖር ይልቅ እኛ ቤት ቢኖር ይሻለው ነበር።) በረዶ ጨምርበት የሚለው ምክር ደግሞ ሙቀቱን በአንዴ ያወርደዋል፣ በረዶው ሲያልቅ መልሶ ይወጣል፣ የቀለጠውም ያልታከመ የቧንቧ ውኃ ነው። በውኃው ፊት ላይ ቬንትሌተር ማዞር ወይም በረዶ የሆነ ውኃ ያለበትን ጠርሙስ እንደታሸገ መንከር ይሻል ነበር። ይህን የጻፈ ሰው ነበረ። እኔ ግን አጭሩን መረጥኩ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። «ባለቀለም ጠጠር አንጥፉ፣ ያምራል» ይላሉ። አክሶሎትል የሚበላው አፉን ድንገት ከፍቶ ውኃውን ከነምግቡ በመሳብ ነው፤ ጠጠሩም አብሮ ይገባል፣ አንጀቱን ይዘጋል። «ብቻውን ስለሆነ ደብሮታል፣ ትንንሽ ዓሣ ጨምሩለት» ይላሉ። ዓሣዎቹ እንደ ላባ የተዘረጋውን ስንጥቡን ይነጫሉ፣ ወይም እሱ ይውጣቸዋል። «ደማቅ መብራት አድርጉለት» ይላሉ። የዓይን ቆብ የለውም እኮ! ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «አዮዲን ስጡት፣ ወደ ምድር እንስሳነት ይለወጣል» የሚለው ነው። አክሶሎትል ዕድሜውን ሙሉ ልጅነቱን ሳይለቅ፣ ከነስንጥቡ የሚኖር ፍጡር ነው። በሆርሞን ተገፍቶ ሊለወጥ ይችላል፤ በሽግግሩ ግን ብዙው ይሞታል፣ የተረፈውም ዕድሜው ያጥራል። ለአንድ ቪዲዮ ሲባል!

ታዲያ እንዲህ ያለ ምክር ለምን ይዘልቃል? እኔ ሦስት ምክንያት ታይቶኛል።

አንደኛው የራሱ የእንስሳው ዝና ነው። እግሩ ቢቆረጥ ያበቅላል። ጅራቱን፣ የልቡንና የአንጎሉን ክፍል ሳይቀር ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንቲስቶች ሙሉ የዘረመል ካርታውን ያወጡት ይህን ምስጢር ፍለጋ ነው፤ ካርታው ከእኛ አሥር እጥፍ ገደማ ይረዝማል። ታዲያ ዝናው ጠላት ሆነበት። «አይዞህ፣ ምንም ቢሆን ይበቅልለታል» ይባላል። እግር ማብቀል ግን ለአሞኒያ መድኃኒት አይደለም።

ሁለተኛው፣ የሚጽፉት የተረፈላቸው ብቻ መሆናቸው ነው። ጨው አድርጎ የዳነለት ሰው በደስታ ይጽፋል። የሞተበት ልጅ ግን ማሰሮ ውስጥ ቀብሮ ዝም ይላል። እኛ የምናነበው የተራፊዎችን ታሪክ ነው፤ ሟቾቹ አስተያየት አይሰጡም።

ሦስተኛው እኛው ነን። የተጨነቀ ሰው የሚፈልገው አጭር፣ ቁርጥ ያለ፣ «ይሄን አድርግ» የሚል መልስ ነው። «እንደ ሁኔታው ይለያያል» የሚል ሰው ያናድደናል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ፍለጋ የተሯሯጥነውን አስታውሱ። የላከልንን ሰው ማነህ ብለን ጠይቀን ነበር? እኔ በበኩሌ አልጠየቅሁም። ለአሥር ሰው ነው ያስተላለፍኩት።

አሁን «እና ኢንተርኔት አትዩ ልትዪን ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። እንዲህ ያለውን እንስሳ የሚያክም ሐኪም በየሰፈሩ የለም፤ ቢኖርም ዋጋው እንስሳው ከተገዛበት ይበልጣል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሃያ ዓመት አክሶሎትል ያረቡ ሰዎች አሉ፤ ስለ ውኃው ከብዙ ሐኪም በላይ ያውቃሉ። ዕውቀታቸውንም በነፃ ይሰጣሉ። እነሱ ባይኖሩ እኔም ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።

ሦስት ሳምንት ሳነብ የገባኝ ግን አንድ ነገር ነው። ዐዋቂው ሰው በቋንቋው አይለይም፣ በተከታይ ብዛትም አይለይም። የሚለየው ሳይጠይቅ ስለማይመልስ ነው። «እንስሳዬ ታመመ» ሲባል «የውኃው ሙቀት ስንት ነው? አሞኒያው ስንት ነው? ገንዳው ስንት ጊዜው ነው?» ይላል። ልክ እንደዚያ ሐኪም። ሌላው ግን ጥያቄው ሳያልቅ «ጨው!» ይላል። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ በእኩል ፊደል ተጽፈው ነው የሚገኙት። እኔ በዚያች ሌሊት የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሥራ ይሰጣል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይሄ ነው። መካሪ ስትመርጡ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁን ምረጡ። ራሳችሁ መካሪ ስትሆኑ ደግሞ (ሁላችንም በቀን አሥር ጊዜ እንሆናለን) መጠኑን ከነመለኪያው፣ ቦታውን ከነስሙ ተናገሩ፣ ያነበባችሁበትንም አብራችሁ ላኩ። ከሁሉ በላይ «ይሄ ስህተት ቢሆን ማን ይጎዳል?» በሉ። የሚጎዳው መናገር የማይችል ከሆነ፣ እንስሳም ይሁን ሕፃን፣ «አላውቅም፣ የሚያውቅ እንፈልግ» ማለት ነውር አይደለም። መልስ ነው። እኔ ያን ሌሊት ያላገኘሁት መልስ እሱ ነበር።

የዚህ ፍጡር ነገር ልቤን የነካኝ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለው። በዱር የቀረለት መኖሪያ በሜክሲኮ ሲቲ ደቡብ ያሉት የሶቺሚልኮ ቦዮች ብቻ ናቸው። ሌላው ሐይቁ ቻልኮ ደርቋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 6,000 ያህል ይቆጠሩ ነበር። በ2014 የተገኙት 36 ናቸው። የውኃው መበከል አለበት፤ ደግሞም ሰው ይበላቸዋል ተብሎ ወደ ቦዮቹ የተለቀቁት ቲላፒያና ካርፕ የሚባሉ ዓሣዎች እንቁላሉንና ጫጩቱን ይበሉታል። ያ ራሱ በጊዜው «ጥሩ ምክር» ነበር ማለት ነው። በየቤቱ ገንዳ ያሉት ግን ከዱር የተያዙ አይደሉም፤ እዚያው በሰው እጅ የተራቡ ናቸው። የብዙዎቹ የዘር ሐረግ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ወደ ፓሪስ ከተወሰዱ 34 እንስሳት ይመዘዛል። ሜክሲኮ ከ2021 ጀምሮ ስዕሉን በ50 ፔሶ ኖቷ ላይ አትማለች። በገንዘብ ላይና በጌም ውስጥ ሞልቷል፣ በገዛ ውኃው ግን ጠፍቷል።

የአገሩ የጥንት ሰዎች ስለ እሱ አንድ ተረት አላቸው። ሾሎትል የሚባለው አምላክ ከሞት ሲሸሽ መጀመሪያ በቆሎ ሆነ፣ ቀጥሎ ሌላ ተክል ሆነ፣ በመጨረሻ ውኃ ገብቶ አክሶሎትል ሆነ። እዚያም ያዙት። ውኃ ውስጥ ገብቶም አላመለጠም። ከእኛም አላመለጠም።

የእህቴ ልጅ አሁን ሌላ ሊያሳድግ ይፈልጋል። እናቱ «መጀመሪያ ውኃው» ብላዋለች። ገንዳው ባዶውን እየሠራ ስድስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ልጁ አሞኒያ ጠብ እያደረገበት ባክቴሪያዎቹን ይቀልባል፣ በየቅዳሜው ይለካል፣ ቁጥሩን ለእኔ ይልክልኛል። ባለፈው ቅዳሜ «አክስቴ፣ ናይትራይቱ ዜሮ አልሆነም፣ ገና ነን» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ላበረታታው ብዬ «ጎበዝ! ፊልተሩን በደንብ እጠበው፣ ቶሎ ይወርዳል» አልኩት።

ወዲያው መለሰልኝ፦ «የት አነበብሽው?»

(እውነትም የትም አላነበብኩትም። ፊልተሩ ከታጠበ ባክቴሪያዎቹም አብረው ይታጠባሉ።)

ቸር እንሰንብት።